ካራቫን ይዞ ሐዋሳ መክረም፦ ውሃው፣ መብራቱ፣ ማደሪያውና የዙሪያው ጉብኝት

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ተጎታች ቤት፣ ካራቫን ስለምንለው፣ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ቤቱ ባለ አንድ አክስል ነው፤ ርዝመቱ 4.5 ሜትር፣ ባዶውን 950 ኪሎ፣ ፋብሪካው የፈቀደለት ሙሉ ክብደት 1,300 ኪሎ። የሚጎትተው የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ሁለት ሰው ከጥቅምት እስከ የካቲት ሐዋሳን መቀመጫ አድርጎ ዙሪያውን ሊጎበኝበት ነው፤ አንዱ በየቀኑ በላፕቶፕ ይሠራል። ውሃ ምን ያህል እንያዝ? መብራቱ በፀሐይ ብቻ ይበቃል? የት ይታደራል? ካራቫኑ ተይዞ የማይገባበት መንገድስ የቱ ነው?

የብየዳ እጅ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ክብደቱን እንጨርስ፤ ውሃውም ባትሪውም የሚወሰነው በዚያ ነው። ከ1,300 ላይ 950 ሲነሳ የምትጭኑት 350 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ቶሎ ያልቃል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ፣ ባለ 200 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 60፣ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር 27፣ ምግብ 40፣ ልብስና አንሶላ 40፣ የወጥ ቤት ዕቃ 30፣ መፍቻ፣ ክሪክና መለዋወጫ ጎማ 40። ድምሩ 337 ነው። በቀረችው 13 ኪሎ ሩብ ኩንታል ጤፍ እንኳ አይገባም። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ፒክአፑ ላይ ጫኑ።

ቀጥሎ ካራቫኑ ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከሙሉው ክብደት 10 በመቶ ገደማ፣ ለእናንተ 130 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት፤ የጋንቾው የራሱ ልክ ከዚህ ካነሰ ግን የሚከበረው እሱ ነው። ከኋላ ከተጫነና ፊቱ ከቀለለ ካራቫኑ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ በተለይ አይሱዙ ወይም አውቶቡስ ጥሎ ሲያልፍ በሚገፋው ነፋስ። ያኔ ፍሬን መርገጥም መሪ ማወዛወዝም ነገሩን ያብሰዋል። እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በራሱ እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

ክብደቱን ለመለካት የሰው ሚዛን ይበቃል። ወፍራም ጣውላ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የካራቫኑን አፍንጫ ከድንጋዩ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀምጡት። ሚዛኑ ያሳየውን በ4 አባዙ፤ 32 ካለ 128 ኪሎ ነው። ከማባዛታችሁ በፊት ግን ጣውላው ብቻውን ሚዛኑ ላይ ያሳየውን መቀነስ አትርሱ። ካነሰ ወይም ከበዛ ዕቃውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዛውሩ። የውሃው ታንከር ወለሉ ላይ፣ ከጎማው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢቀመጥ ሲሞላም ሲጎድልም ሚዛኑን ብዙ አያዛባም።

ጎማ፦ የካራቫን ጎማ ክሩ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል፤ ቆሞ ስለሚውል ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 6 ዓመት ያለፈውን ቀይሩ። የጎማውን ዳዶ ከተነሳችሁ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። በዚያው ኩሽኔታው ያለበትን መሃሉን በእጅ ዳስሱት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይ ግራሶው አልቋል፣ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ታስሯል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ጥቁር የቅባት ርጭት ካያችሁ ግራሶውን የሚይዘው ላስቲክ ተበልቷል ማለት ነው፤ ግራሶው ወደ ፍሬኑ ሸራ ሳይደርስ አስቀይሩት።

ስለ ሰሌዳውና ስለ ሊብሬው፣ እንዲሁም የምትነዱበት መንጃ ፈቃድ ለተጎታች ይፈቅድ እንደሆነ ሳትንቀሳቀሱ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጓዳ፦
ውሃውን እኔ ልመልስ። ለሁለት ሰው በቁጠባ በቀን 30 ሊትር ያዙ፦ ለመጠጥና ለማብሰያ 6፣ ለዕቃ አጠባ 8፣ ለገላ 16። 100 ሊትር ሦስት ቀን ያዘልቃል ማለት ነው። ከታንከሩ ሌላ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፒክአፑ ላይ ይኑሩ፤ አንዱ ለመጠጥ ብቻ፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ታስሮበት።

ዕቃ አጠባ ላይ ነው ብዙ ውሃ የሚባክነው። ሳህኑን መጀመሪያ በወረቀት ወይም በተረፈ እንጀራ ጠርጎ፣ ሁለት ትንንሽ ሳፋ አድርጎ፣ አንዱ ሳሙና አንዱ ማለቅለቂያ ሲሆን 8 ሊትሩ ይበቃል። የሚፈስ ቧንቧ ሥር ቢታጠብ ያው ዕቃ 25 ሊትር ይጨርሳል። የወጥ ቅባት የነካው ሳፋ መጨረሻ ይታጠብ።

ታንከሩን መጀመሪያ አጽዱት። ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ለ100 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ሙሉት፤ ቧንቧውን ከፍታችሁ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ አፍስሱና ዝጉት። 4 ሰዓት ቆይቶ ይደፋ፣ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ። ለመጠጥ ግን መጠኑ ሌላ ነው፦ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ብቻ። መድኃኒት ቤት የምትሸጥ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ግዙ፤ በጠብታ ከመቁጠር ትሻላለች። በደንብ ነቅንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ውሃው ከደፈረሰ በተደረበ የነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ ድፍርስ ውስጥ በረኪናው ኃይሉን ጭቃው ላይ ይጨርሳል።

የጤና ባለሙያ፦
ጓዳ የጻፈችው ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምርበት።

አንደኛው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚመክረው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ነው። በረኪናም ማፍላትም ፍሎራይድን አያወጡም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ስለሚተን የቀረው ይጠናል። ጥርስ የሚበልዘው በሚበቅልበት በልጅነት ስለሆነ አዋቂ ለጥቂት ወራት ቢጠጣው ያን ያህል አያሰጋም። ሕፃን ካለ ግን ለመጠጥና ለማብሰያ የታሸገ ውሃ ወይም ከደጋው ምንጭ የተቀዳ ውሃ ይያዝ። ከፍል ውሃ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ለመጠጥ አይሁን።

ሁለተኛው ሐይቁ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ደንገልና ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ዋናው ቦታ ነው። እግር መንከር፣ ዕቃ ማጠብ፣ ጀሪካን መቅዳት ሁሉም ያጋልጣል። የሐይቅ ውሃ ለመታጠቢያ የግድ ካስፈለገ ተጠልሎ ቢያንስ 24 ሰዓት በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ ትሉ ሰው ካላገኘ ይሞታል። የነካችሁ ከመሰላችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ፤ ከዚያ በፊት ምርመራው ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሐኪም ያዘዋል።

ቢንቢም አትናቁ። ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ የምትመጡት በዚያው መሃል ነው። የመስኮት ወንፊት ብቻ አይበቃም፤ ማታ በር ሲከፈት አብሮ ይገባል። አጎበሩን ጣሪያው ላይ በአራት መንጠቆ ስቀሉና ጠርዙን ፍራሹ ሥር ወትፉት። ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይቆዩ በዚያው ቀን ደም መመርመር ነው።

ፀሐይ ቆጣሪ፦
መብራቱን በቁጥር እንየው። በቀን፦ ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 75፣ ሁለት ስልክ 30፣ ላፕቶፕ 60 ዋት ለ4 ሰዓት 240፣ ማራገቢያ 20 ዋት ለ6 ሰዓት 120፣ የውሃ ፓምፕ 18። ይህ 483 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ከጨመራችሁ፣ 45 ዋት ሆኖ በቀን 10 ሰዓት ያህል ቢሠራ፣ 450 ይጨምራል። ድምሩ 933።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፓኔሉ ጣሪያው ላይ ተዘርግቶ ቢተኛም ብዙ አይጎዳም። በበጋ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አስሉና ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ ሩቡን ቀንሱ። 200 ዋት ፓኔል 750 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 300 ዋት 1,125። ፍሪጅ ካለ 300 ዋት፣ ከሌለ 200 ይበቃል። በሐምሌ ዳመና ቢሆን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ለምትመጡበት ጊዜ ግን ይሠራል።

ባትሪው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። 200 አምፔር ሰዓት ቢሆንም የምትጠቀሙት 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ሊቲየም 100 አምፔር ሰዓት ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ይሰጣል፤ ክብደቱ ደግሞ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ከላይ በተሰላው ክብደት ላይ 48 ኪሎ ተረፈ ማለት ነው፤ ዋጋው ቢከብድም ለእናንተ ቤት የሚስማማው እሱ ነው። ቻርጅ መቆጣጠሪያው ለሊቲየም የሚስተካከል መሆኑን ሳትገዙ አረጋግጡ።

የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው 1,000 ዋት ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ ከ90 አምፔር በላይ ይስባል። ሽቦው 35 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከሜትር ያልረዘመ፣ 125 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ራስ አጠገብ ተደርጎበት። ፊውዙ ኢንቨርተሩ ጋ ከሆነ በመካከል ያለው ሽቦ ሲላጥ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ ካራቫን የሚቃጠለው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ከባትሪ አይታሰብም።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐይ ቆጣሪ፣ ቀን ላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ ዛፍ ሥር ማቆም እንፈልጋለን። ታዲያ ጣሪያ ላይ ያለው ፓኔል ምን ይሆናል?

ፀሐይ ቆጣሪ፦
ዛፍ ሥር ከሆነ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ አትሰሩት። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። መሬት ላይ የሚቆም፣ 10 ሜትር ሽቦ ያለው ፓኔል አድርጉ፤ ቤቱ ጥላ ውስጥ፣ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ። ሽቦው ግን 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። 10 አምፔር በ20 ቮልት ሲሄድ በ6ቱ ሽቦ የሚጠፋው 0.6 ቮልት ያህል ነው፤ ገበያ ላይ በሚበዛው በ2.5ቱ ግን 1.4 ቮልት፣ ማለትም 7 በመቶ በመንገድ ይቀራል። ማታ አስገቡት፤ የጥበቃ ሰው አለ ብላችሁ ውጭ አታሳድሩት።

ጓዳ፦
የጋዙን ነገር ማንም አላነሳም። ሲሊንደሩ ከቤቱ ውጭ፣ አፍንጫው ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ በቀበቶ ይታሰር። ውስጥ ካለ ደግሞ የራሱ ሳጥን ይኑረውና ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይደረግለት፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ነው የሚተኛው። መስኮት መክፈት ከታች የተኛውን አያወጣም። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ዝም ካለ ደህና ነው፤ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ትንንሽ ኳስ እያበጠ ከሄደ ያፈሳል። የጋዙን ጎማ ቱቦ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ስንጥቅ ከታየ ቀይሩት። ስትጓዙ ሲሊንደሩ ራሱ ላይ ይዘጋ።

ባለ 2 ኪሎ ዋት ምድጃ በሰዓት 150 ግራም ያህል ይበላል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብታበስሉ ሲሊንደሩ የሚይዘው 12.5 ኪሎ ጋዝ 55 ቀን ገደማ ይቆያል። የቀረውን ለማወቅ ሚዛን ላይ አውጡትና ሲሊንደሩ ላይ የታተመውን ባዶ ክብደት ቀንሱ።

ሐዋሳ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦሎቄና ሽምብራ በተራ ድስት ጋዝ ይጨርሳሉ፤ ፕሬዠር ያዙ። እንጀራ ከሐዋሳ በሁለት ሦስት ቀን እየገዛችሁ፣ የተረፈውን ሳይሻግት ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት፤ ክብደት የለው፣ ፍሪጅ አይፈልግ፣ ለፍርፍር 10 ደቂቃ። በሶና ቆሎ ለመንገድ ቀን።

የጤና ባለሙያ፦
በጓዳ ላይ ይህን ጨምሩልኝ፣ እባካችሁ። በተዘጋ ካራቫን ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። ቡና ማፍላት ስለለመድን ምድጃውን ማታ ለሙቀት ወደ ውስጥ እናስገባለን፤ ፍም የሆነ፣ ጭስ የሌለው ከሰል ደህና ይመስላል። የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ያን የሚያህል ጠባብ ቤት ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲመጣ ሰው እንቅልፍ ነው ብሎ ይተኛል። ቡናው ሸራው ሥር፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ይፈላ። ከሰሉ በውሃ ጠፍቶ እንጂ አመድ ለብሶ አይግባ።

ታቦር ግርጌ፦
ስለ ሽንት ቤት። ባለ 20 ሊትር ተነቃይ ሳጥን ያለው ከሆነ ለሁለት ሰው በሦስት አራት ቀን ይሞላል። ከሌለ ባልዲ ከነክዳኑና ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ በቂ ነው፤ ሽንቱ ለብቻ በፕላስቲክ ዕቃ፣ የቀረው በሰጋቱራ ተሸፍኖ። ሰጋቱራው ደረቅ ካልሆነ አይሠራም፤ ሽታ የሚመጣው ከእርጥበቱ ነው። የሚደፋው ያደራችሁበት ግቢ ሽንት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም። የተደፋበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። የዕቃ እጣቢውንም በባልዲ ተቀብላችሁ፣ ፍርፋሪውን በወንፊት አስቀርታችሁ ዛፍ ሥር አፍስሱት።

ማደሪያ፦ የካራቫን ማቆሚያ ብሎ የተሠራ ስፍራ አትፈልጉ። ግቢው ሰፊ የሆነ ሆቴል ወይም ሎጅ ገብታችሁ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በሳምንት ተዋዋሉ፦ ማቆሚያ፣ ውሃ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤትና ጥበቃ። አንድ በአንድ አስቆጥሩ፤ በኋላ ውሃው አልተካተተም እንዳይባል። ገመድ ከግድግዳ የምትስቡ ከሆነ ሶኬቱ ምድር መስመር እንዳለው አስፈትሹ፤ ከሌለው የካራቫኑ ላሜራ ራሱ ሊነዝር ይችላል። ወደ በሩ የሚገባው መንገድ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ ቁመቱን በእግር ሄዳችሁ እዩ።

ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የከተማው የሐይቅ ዳርቻ ለማታ ንፋስ መቀበያ እንጂ ለማደሪያ አይሆንም፤ ሰውና ሙዚቃ ይበዛል። ከከተማው ወጣ ባለው ዳርቻ ደግሞ ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ሣሩ መካከል የተረገጠ፣ እንደ ቦይ የጎደጎደ መንገድ ካያችሁ የእሱ ነው። በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ ጨለማ ላይ ወደ ዳርቻው አትውረዱ።

ለበዓል ቀን አስቡበት። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ግቢውን ከሁለት ሳምንት በፊት ያዙ፣ በዚያን ቀንም ካራቫን ይዛችሁ መሃል ከተማ አትግቡ።

የብየዳ እጅ፦
ስታቆሙ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ከፒክአፑ ሳይፈታ ግራና ቀኙን በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ አስገብቶ ላዩ ላይ መንዳት ነው። ከዚያ ሁለቱም ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግበት፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ከዚያ ብቻ ጋንቾው ይፈታል። ፊትና ኋላው በፊተኛው እግር ይስተካከላል። የማዕዘን እግሮቹ መጨረሻ ይወርዳሉ፤ እነሱ ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለመደገፍ እንጂ ለማንሳት አይደሉም። ቢያነሱበት ወለሉ ይጣመማል፤ የመጀመሪያው ምልክት በሩ አልዘጋም ማለቱ ነው።

የደጋ መንገድ፦
ጉብኝቱን ልያዝ። ዋናው ደንብ፦ ካራቫኑን ሐዋሳ አቁማችሁ በፒክአፑ ብቻ ዙሩ። ወንዶ ገነት፣ ሰንቀሌ፣ ይርጋለም፣ ዲላ ሁሉም በቀን ተደርሶ የሚመለስባቸው ናቸው።

የሐይቁ ዳር የዓሳ ገበያ አሞራ ገደል ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው የሚታየው። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆሮሶው ይበዛል፣ አምባዛም አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው በሚያህል ቁመት ክንፋቸውን አጥፈው፣ ዓሳ ከሚያጸዱት ልጆች ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንጀቱ ሲወረወር መሬት ሳይነካ ያልቃል። ዓሳ ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ውስጡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። እዚያው ተጠብሶ በዳጣ ይበላል። ጥሬውን የሚወድ አለ፤ እኔ አልመክርም። ግቢው ውስጥ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ጦጣዋ የመኪና መስኮት ተከፍቶ ካገኘች ትገባለች፤ ዳቦ እጃችሁ ላይ አታሳዩ።

ታቦር ተራራ ላይ ለመውጣት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ የሰፈሩን ልጅ ይዛችሁ። ሐይቁም ከተማውም በአንድ ዕይታ ይታያል፤ ረፋድ ላይ ጭጋጉ ያደበዝዘዋል።

ጉዱማሌ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው፤ በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑ በጨረቃና በከዋክብት ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ሰንቀሌ ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ፣ አጄ አጠገብ ነው። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ የሚታየው እዚያ ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። በማለዳ ሣሩ ላይ ይሰማራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ይፈልጋል።

ካራቫኑን ይዞ መሄድ የሚያዋጣው ወደ ላንጋኖና አቢያታ ሻላ ነው፤ አስፋልቱ ሜዳ ነው፣ ሁለትና ሦስት ቀንም ይቆዩበታል። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚስተካከለው የለም። በዳርቻው የሚፈልቀው ፍል ውሃ ሥጋ ይልጣል፤ ከፈር አትውጡ፣ ቅርፊት የመሰለው መሬት ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ አጠገብ ያለው ነጭ ሜዳም ደረቅ ይመስላል እንጂ ከላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ተጎታች ከሰመጠ በአንድ መኪና አይወጣም።

ሻሸመኔን ካራቫን ይዛችሁ የምታልፉ ከሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት እለፉ። ባጃጁ፣ ጋሪውና እግረኛው ከበዛ በኋላ መታጠፊያው ላይ የካራቫኑ ጎማ ወደ ውስጥ እንደሚቆርጥ ማንም አይገምትላችሁም።

ታቦር ግርጌ፦
ባሌስ? ከሻሸመኔ በዶዶላ እስከ ዲንሾ አስፋልት ነው። ካራቫኑን ይዞ መሄድ ይቻላል።

የደጋ መንገድ፦
ይቻላል፤ አያዋጣም ነው የምለው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቁልቁለቱ ላይ 1,300 ኪሎ ከኋላ ይገፋል። ሰዎቹ ደግሞ የሚሄዱት ሳነቲን ለማየት ነው፤ ሳነቲ 4,000 ሜትር ላይ ያለ አምባ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። ከሳነቲ ወደ ሀረና ጫካ የሚወርደው ጠመዝማዛ ለተጎታች የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ካራቫኑ ዲንሾ ቆሞ መዋሉ አይቀርም። ሐዋሳ ትታችሁት ድንኳን ይዛችሁ ሁለት ሌሊት ብታድሩ ነዳጁም ፍሬኑም ይተርፋል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቲ ላይ በጠዋት መገኘት ይበቃል፤ የደጋ አጋዘኑን ዲንሾ ላይ ታገኙታላችሁ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በዚያው ጉባኤ።

ታቦር ግርጌ፦
ሕፃን ወይም ሽማግሌ ያለው ሰው ግን በኅዳር ብርድ ድንኳን ውስጥ ከሚያድር ዲንሾ ድረስ ካራቫኑን ቢወስድ አልፈርድበትም። በቀስታ፣ በወጣበት ማርሽ እየወረደ።

የደጋ መንገድ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ከሆነ ሁለት ነገር። ቡታን የሚበዛበት ጋዝ ብርዱ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ መትነን ያቆማል፤ ምድጃው ጠዋት አልቀጣጠል ቢል ሲሊንደሩ አልቆ አይደለም፣ ፀሐይ እስክታሞቀው ነው። እሳት እንዳታስጠጉበት። ሌላው እርጥበት ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን በትንፋሹ ብዙ ውሃ ያወጣል፤ ላሜራ ጣሪያ ላይ ጠብታ ሆኖ ፍራሹ ላይ ይወርዳል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል፣ የጣሪያውን ማስተንፈሻ ደግሞ በትንሹ ከፍቶ በወፍራም ብርድ ልብስ መተኛት ነው።

መንገደኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የብየዳ እጅ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ቤቱ ያገለገለ ነው፤ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያረጀ ሲሊኮን አለ። ከጥቅምት በኋላ ዝናብ ስለማይበዛ እንዲሁ ቢቆይ ምን ይሆናል?

የብየዳ እጅ፦
አይቆይ። ሐዋሳ በጥቅምትም ይዘንባል፤ ውሃውም የሚገባው ከጣሪያው ቢሆንም የሚበሰብሰው ግድግዳው ነው። ለማወቅ ከውስጥ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ኮምፔንሳቶው ከሰመጠ ወይም ለስላሳ ከሆነ ገብቷል። ደረቅ ከሆነ አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት ይይ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስ፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንዱን ጠርዝ 5 ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የቱ ጋ እንደገባ አይታወቅም።

አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ ሙሉ በሙሉ አንሱ፤ አዲሱ ባሮጌው ላይ አይይዝም። ብሎኖቹ ዝገው ከሆነ ቀይሩ። ጠርዙን በአልኮል አጽዱና አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ሲሊኮን ሳይሆን ለጣሪያና ለመኪና የሚሆነውን ፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ መንገድ ላይ ቤቱ ሲወዛወዝ አብሮ ይለጠጣል። 4.5 ሜትር ለሚረዝም ቤት ዙሪያውን ለመጨረስ ባለ 300 ሚሊ ሊትር አራት ካርትሪጅ ያዙ። ቀትር ላይ ጣሪያው ሲግል አትቀቡ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ቀብታችሁ ሳይነካ እስከ ማግስቱ ተዉት።